በግብፅ ሲና ዳርቻ ላይ ዊንድሰርፊንግ መሞከር ለምትፈልጉ የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ የትኛው ዳርቻ ለማን ይሆናል

ሰላም ናችሁ የሸዋ ልጆች። ከደብረ ብርሃንም ከደብረ ሲናም ከመንዝም በየጊዜው ሰው እየደወለ ይጠይቀኛል፣ ቅድስት ካትሪን ገዳም ሊሳለም የሚሄድ አለ፣ ካይሮ ዘመድ ያለው አለ፣ ዝም ብሎ ስልኩ ላይ ሸራ በተተከለበት ቦርድ ላይ ቆመው ውሃ ላይ በነፋስ የሚንሸራተቱ ሰዎች አይቶ የጓጓም አለ፣ እና ዞሮ ዞሮ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፣ "እዛ አካባቢ ዊንድሰርፊንግ ለመሞከር የትኛው ዳርቻ ይሻላል?" ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደግመው አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ረዘም ይላል ግን ሊሄድ ያሰበ ሰው እስከ መጨረሻው ያንብበው።

እኔ ዳሃብ፣ ሲና ውስጥ ባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት፣ ለዓመታት ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር፣ በኋላ ባሕሩ ዳር ቦርድና ሸራ የሚያከራይ ቤት ገባሁ፣ እቃ ማጠብ፣ ሸራ ማድረቅ፣ ማስት፣ ሸራው የሚቆምበትን ምሰሶ፣ መገጣጠም ምናምን፣ ከዛ ቀስ በቀስ እራሴም ለመድኩት፣ መጨረሻ ላይ ጀማሪዎችን ይዞ ውሃ ውስጥ መቆም ዋና ስራዬ ሆነ። በእረፍት ቀናችን ደግሞ ከስራ ባልደረቦቼ ጋር ቦርድ መኪና ላይ ጭነን ከራስ ሱድር ጀምሮ ዳርቻ ዳርቻውን ዞረናል። አሁን አገሬ ገብቼ ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ዳርቻ በፎቶ አይመረጥም። ነጭ አሸዋና ሰማያዊ ውሃ ሲና ላይ የትም አለ፣ ቦርድ ለሚነዳ ሰው ግን ዋናው ነገር ነፋሱ ከዳርቻው አንጻር ከየት ወዴት ይነፍሳል፣ ከውሃው ስር ያለው አሸዋ ነው ወይስ ሪፍ፣ ማለትም ስለታም የኮራል ድንጋይ፣ ብትቸገሩስ የሚያወጣችሁ ጀልባ አለ ወይ የሚለው ነው። እነዚህን ሳትጠይቁ የሚያምር ቦታ አይታችሁ ብቻ እንዳትገቡ፣ እለምናችኋለሁ።

ነፋሱን ላስረዳ። ከባሕሩ ወደ መሬት የሚነፍስ ከሆነ ብትወድቁም ብትደክሙም ወደ ዳር ይመልሳችኋል፣ ግን ማዕበሉም አብሮ ወደ ዳር ስለሚመጣ ለጀማሪ መውጣቱ አስቸጋሪ ነው። ከጎን፣ ማለትም ዳርቻውን ይዞ የሚነፍስ ከሆነ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ቀጥ ብላችሁ ወደ ውስጥ ወጥታችሁ ቀጥ ብላችሁ ትመለሳላችሁ። ከመሬት ወደ ባሕር የሚነፍሰው ነው አደገኛው። ሰው የሚታለለውም በሱ ነው፣ ለምን ብትሉ ነፋሱ ከመሬት ስለሚመጣ ዳር ዳሩን ውሃው ዝም ያለ፣ ማዕበል የሌለው፣ በጣም ቀላል ይመስላል፣ ትንሽ ወጣ ስትሉ ግን ጉልበቱ ይጨምራል እና መመለሻው ነፋስን ተቃውሞ ነው የሚሆነው፣ ያንን ደግሞ ጀማሪ አይችለውም። ስለዚህ ዳር ላይ ቆማችሁ ጀርባችሁን ነፋስ እየመታው ፊታችሁ ባሕር ከሆነ፣ ጀልባ ያለው ጣቢያ፣ ቦርድ የሚያከራየው ቤት ማለቴ ነው፣ አጠገባችሁ ከሌለ አትግቡ። ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፣ ጀርባችሁ ይነግራችኋል።

ሲና ለምን እንዲህ ነፋስ በዛበት ካላችሁ ደግሞ መልሱ እኛው አገር አለ። ጣርማ በር ላይ ከመኪና ወርዳችሁ ቆማችሁ ታውቃላችሁ አይደል፣ ደጋው ሜዳ ላይ ለስለስ ብሎ የነበረው ነፋስ በሩ ጋ ሲደርስ ጋቢ ገፎ ሊወስድ ይደርሳል፣ ምክንያቱም ማለፊያው ሲጠብበት ይፈጥናል። የአቃባ ባሕረ ሰላጤም እንዲሁ ነው፣ በአንድ በኩል የሲና ተራራዎች፣ በሌላ በኩል የሳዑዲ ተራራዎች፣ መሃል ላይ ጠባብ ውሃ፣ ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ በዚህ መሃል ተጨንቆ ወደ ደቡብ ይወርዳል። በምዕራብ በኩል ያለው የስዊዝ ባሕረ ሰላጤም በሁለት በኩል ተራራ ስላለው ጠባዩ ይመሳሰላል። ስለዚህ በሁለቱም በኩል ዋናው ነፋስ ከሰሜን ነው፣ እሱን ካወቃችሁ ካርታ ላይ ዳርቻው ወዴት እንደሚዞር አይታችሁ ብቻ ገና እዚሁ ቤታችሁ ሆናችሁ ከየት በኩል እንደሚመታችሁ መገመት ትችላላችሁ።

ሁለቱ ባሕረ ሰላጤዎች ከስር ግን ፈጽሞ አይገናኙም። የስዊዙ ጥልቀት የሌለው ነው፣ አብዛኛው ከ100 ሜትር አይበልጥም፣ ዳርቻውም ሰፊ አሸዋ አለው። የአቃባው ግን ከ1,800 ሜትር በላይ የሚወርድበት ቦታ አለ፣ ከዳር ትንሽ ሪፍ አለና ከሪፉ ጫፍ በኋላ ገደል ነው። የአንኮበርን አፋፍ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል ምን እንደምል።

እንግዲህ ከካይሮ ስትነሱ መጀመሪያ የምታገኙት ራስ ሱድር ነው፣ 200 ኪሎሜትር ገደማ፣ በስዊዝ ካናል ስር በሚያልፈው በአሕመድ ሐምዲ ዋሻ ነው የሚኬደው። ለካይሮ ቅርብ ስለሆነ አርብና ቅዳሜ፣ የነሱ የእረፍት ቀን ማለት ነው፣ ይሞላል። ነፋሱ ጠንካራ ነው፣ ውሃው እስከ ሩቅ ድረስ ወገብ የማይደርስበት ቦታ አለ፣ ከስሩ አሸዋ ነው፣ እግር መሬት መንካቱ ደግሞ ውሃ ለማይችል ሰው ትልቅ ነገር ነው። ግን ሁለት ነገር አስቡበት። አንደኛ እዛ ባሕሩ ይሸሻል ይመለሳል፣ ውሃው ሲሸሽ መግቢያው ይርቃል፣ ቦርዱንም ተሸክሞ ረግረጉን መራመድ ነው፣ ከስር ያለችው የቦርዱ ክንፍም አሸዋውን ትነካና በፊታችሁ ተደፍታችሁ ትወድቃላችሁ፣ ስለዚህ ውሃው ሲሞላ ስንት ሰዓት ነው ብላችሁ ጣቢያው ላይ ጠይቁ። ሁለተኛ ካይት የሚነዱት በጣም ብዙ ናቸው። ካይት ማለት በአየር ላይ ያለችው ትልቋ ጨርቅ ናት፣ ረጃጅም ቀጫጭን ገመድ አላት፣ ያ ገመድ ሲወጠር ስለት ነው። ዊንድሰርፊንግ የሚጀምር ሰው ካይት ከሚበዛበት ቦታ ራቅ ብሎ ይግባ፣ በተለይ እነሱ እቃቸውን ከሚያነሱበትና ከሚያሳርፉበት ዳርቻ።

ከራስ ሱድር ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ሙን ቢች የሚባል አለ፣ የድሮ የዊንድሰርፊንግ ሰዎች የሚወዱት ጸጥ ያለ ቦታ ነው፣ ከተማ የለውም፣ ገበያ የለውም፣ በልተህ ነድተህ መተኛት ነው። ለእኔ ትንሽ ለቻለና በሰላም መለማመድ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ነው። ከዛም በታች ኤል ጡር አለ፣ የደቡብ ሲና አስተዳደር ዋና ከተማ ነው፣ ነፋሱ ጠንካራ ነው፣ ሰው ግን ትንሽ ነው፣ ሰው ትንሽ ማለት ደግሞ ችግር ቢመጣ የሚያይህም ትንሽ ነው ማለት ነው። ጀማሪን ወደዛ አልልክም።

ሻርም ኤል ሼክን ብዙ ሰው ስሙን ስለሰማ ይጠይቀኛል። ለመዝናናት፣ በመነጽር ዓሣ ለማየት አዎ፣ ከከተማው ደቡብ ያለው ራስ መሐመድም እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ የተጠበቀ ነው፣ ሪፉ አይጠገብም። ለቦርድ ግን እኔ ሻርምን አልመርጠውም፣ ሪፉ ዳር ድረስ ነው፣ የጀልባ ምልልሱም ብዙ ነው። በሰሜን በኩል ናብቅ ጋ ክፍት የሆነ ነፋስ የሚያገኝ ቦታ አለ፣ ሪፍና ጥልቀት የሌለው ውሃ ስላለበት ግን ቦታውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ካልሆነ አይመከርም።

አሁን ወደ ዳሃብ ልምጣ፣ ልቤም ያለው እዛ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ። ከሻርም ወደ 90 ኪሎሜትር በሰሜን በኩል ነው፣ ከካይሮ በአውቶቡስ ግን ሙሉ ቀን ወይም ሙሉ ሌሊት ያዙ፣ መንገድ ላይ ፍተሻ ብዙ ነው፣ ፓስፖርታችሁን ሻንጣ ውስጥ እንዳትቀብሩት፣ እጃችሁ ላይ ይሁን። ከከተማው ደቡብ ላጉን የሚባለው አለ፣ አሸዋ እንደ ምላስ ወደ ባሕሩ ወጥቶ ውሃውን አቅፎታል፣ በዛ ምክንያት ነፋሱ ይገባል ማዕበሉ ግን አይገባም። ይሄ ነው የዳሃብ ጸጋ። በሌላ ቦታ ጠንካራ ነፋስ ካለ ማዕበል አለ፣ እዚህ ግን ነፋሱ ሲጮህ ውሃው ሽብሽብ ብሎ ብቻ ይቀራል።

ዳሃብ አንድ ቦታ ቢመስልም ውስጡ የተለያየ ነው። ዳር ላይ ያለችው ጥግ ቤቢ ቤይ ትባላለች፣ ከጉልበት እስከ ወገብ ነው ውሃው፣ ስሩ አሸዋ ነው፣ ጀማሪ ከዛች ጥግ መውጣት የለበትም፣ ልጆችም እዛ ነው የሚማሩት። ከሷ ወጣ ሲሉ ስፒዲ የሚሉት ክፍት ቦታ አለ፣ ነፋሱ ሳይቆራረጥ ይመጣል፣ ውሃው አሁንም ጠፍጣፋ ነው፣ ፍጥነት የሚፈልጉት እዛ ናቸው፣ ሃርነስ፣ ሰውነትን ከሸራው ጋር የሚያያይዝ ቀበቶ፣ ታጥቀው ሙሉ ሸራ ይዘው ሲሄዱ ቦርዱ ውሃውን ለቆ ከላይ ከላይ ነው የሚሄደው። ከዛም በኋላ ካሚካዚ ይባላል፣ ስሙ እራሱ ይበቃል፣ ማዕበሉ ከፍ ያለ ነው፣ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሸራው እያነሳው መነሳት የማይችል ሰው እዛ ስራ የለውም።

ፊታችሁን ወደ ባሕሩ ብታዞሩ ሰሜን ከግራችሁ ነው፣ ነፋሱም ከግራ ይመጣል፣ ላጉኑ ጋ ግን ከግራም ትንሽ ከኋላም ነው። ትዝ ካላችሁ ቅድም ያልኩት ከመሬት የሚመጣ ነፋስ ማለት ነው፣ ስለዚህ ዳሃብ ለጀማሪ ደህና የሚሆነው ጣቢያዎቹ ጀልባ ስላላቸውና ዳር ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ስላለ ነው። እቃ ስትከራዩ ማዳኛ ጀልባው በዋጋው ውስጥ አለ ወይስ ለብቻው ይከፈላል ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ውሃ ውስጥ ሆናችሁ ዋጋ መከራከር አይቻልም።

የአክስቴ ልጅ ከአንኮበር መጥቶ ያስተማርኩትን ልንገራችሁ፣ ለብዙዎቻችሁ የሚጠቅመው እሱ ነው። ልጁ ሲና ተራራን ሌሊት ወጥቶ ጸሎቱን አድርሶ ዳሃብ ወረደልኝ። ተራራው 2,285 ሜትር ነው፣ ደብረ ብርሃን እራሷ ከ2,800 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ ነው ያለችው፣ ስለዚህ የኛ ሰው እዛ ላይ ሳንባው አይቸገርም። ባሕር ግን ሌላ ነው። "እትዬ እኔ ውሃ አልችልም" አለኝ ገና ሲያየው። እውነቱን ስለነገረኝ ደስ አለኝ፣ ላይፍ ጃኬት አስሬ ቤቢ ቤይ አስገባሁት፣ መጀመሪያ ያለ ሸራ ቦርዱ ላይ በሆዱ እንዲተኛ፣ በእጁ እንዲቀዝፍ፣ እንዲወድቅና ተመልሶ እንዲወጣ አደረግኩት። ያ ሳይለመድ ሸራ መያዝ የለም።

ከዛ አሸዋ ዘግኖ እንዲበትን አልኩት፣ ወዴት እንደሚሄድለት እንዲያይ። ቦርዱን ነፋሱን በጎን እንዲይዝ አድርገን አቆምን፣ ሸራው ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል ውሃ ላይ ተኝቷል፣ እሱ እግሩን የማስቱን ስር መሃል አድርጎ ቆመ፣ ሸራውን የምታነሳዋን ገመድ ያዘ። እዚህ ጋ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረገ፣ ከወገቡ ጎብጦ በክንዱ ሊጎትት ሞከረ። ሸራው ላይ ውሃ ተኝቶበታል፣ በክንድ አይነሳም። ጉልበትህን እጠፍ፣ ጀርባህ ቀጥ ይበል፣ ክንድህ ቀጥ ይበል፣ ዝም ብለህ ወደ ኋላ ተቀመጥ አልኩት፣ ክብደቱን ሰጠው፣ ውሃው ከሸራው ላይ ሸርተት ብሎ ወረደ፣ ከዛ በኋላ እንደ ምንም ተነሳለት። አሁን እግርህን አትይ፣ ልትሄድበት ያሰብከውን ቦታ እይ። እግሩን አየ፣ ወደቀ። ደግሞ ተነሳ።

የኛ ሰው ትልቁ ፈተና ምን መሰላችሁ፣ የያዘውን አይለቅም። ነፋስ ሲመጣ ቡሙን፣ በእጅ የሚያዘውን የሸራውን አግድም ዘንግ፣ ጭምቅ አድርጎ ይይዝና ከነሸራው ይወረወራል። ይሄን በደንብ ስሙኝ፣ ከከበዳችሁ የኋላ እጃችሁን ልቀቁ። የኋላው እጅ ሲለቅ ሸራው ይከፈታል፣ ነፋሱ ያልፋል፣ ሁሉም ነገር ይቆማል፣ በፊተኛው እጅ ብቻ ይዛችሁ ትንፋሽ ታገኛላችሁ። ፍሬኑ እሱ ነው። የአክስቴ ልጅ ይሄ ሲገባው ፊቱ ላይ የነበረው ጭንቀት ሲለቅ አየሁት፣ ከዛ በኋላ ማስቱን ወደ ኋላ ሲያዘነብለው ቦርዱ ወደ ነፋሱ እንደሚዞር፣ ወደ ፊት ሲያዘነብለው ደግሞ ከነፋሱ እንደሚሸሽ በራሱ አወቀው፣ ጥግ ድረስ ሄዶ ዞሮ መጣ፣ "እትዬ አየሽኝ? አየሽኝ?" ይላል፣ እኔ እልል ብዬ ዳር ያሉት ቤደዊኖች፣ የበረሃው አረቦች፣ ሁሉ አጨበጨቡ።

ስለ ወራቱ፣ የኛ ክረምት እዛ ሙቀቱ የሚከብድበት ነው ግን ነፋሱም የሚበረታው ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። የቻለ ሰው ያኔ ይሂድ። ለጀማሪ እኔ ጥቅምትና ኅዳር ወይም መጋቢትና ሚያዝያ እመርጣለሁ፣ ለስለስ ያሉ ቀኖች ይገኛሉ፣ ፀሐዩም አይገድልም። ታኅሣሥና ጥር ነፋሱ ቀናት ሊጠፋ ይችላል፣ ውሃውም ዳሃብ ላይ ወደ 21 እና 22 ዲግሪ ይወርዳል፣ ለደብረ ብርሃን ልጅ ምንም ባይመስልም እርጥብ ሆኖ ነፋስ ላይ መቆም ሰውነት ያደክማል፣ ዌትሱት፣ ሙቀት የሚይዝ የውሃ ልብስ፣ ይልበስ። በቀን ውስጥ ደግሞ ነፋሱ ረፋድ ላይ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ማታው ይደክማል፣ ስለዚህ ጀማሪ ማልዶ ወይም ቀን ሲዘቅዝ ነው መግባት ያለበት፣ እኩለ ቀን ላይ የቻሉት ሲበሩ እያየ ሻይ ይጠጣ።

ዊንድጉሩ የሚባል አፕ አለ፣ የየሰዓቱን ነፋስ በኖት ይነግራችኋል፣ 1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎሜትር ነው። ከ8 እስከ 12 ኖት ለጀማሪ ይበቃል፣ ከ15 በላይ የለመደ ሰው መደሰት የሚጀምርበት ነው፣ ከ20 በላይ ሲሆን ጀማሪ ዳር ይቀመጥ። ስልክ ከሌለ ውሃውን እዩ፣ ነጭ አረፋ እዚህም እዚያም መታየት ከጀመረ ከ10 ኖት አልፏል፣ ባሕሩ በሙሉ በነጭ ከተሞላ የናንተ ቀን አይደለም። ውሃው ላይ ጠቆር ያለ ጥላ እየሮጠ ሲመጣ ካያችሁ ደግሞ እሱ ጠንከር ያለ ነፋስ ነው፣ እስኪደርስ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ጠብቁት።

እቃ ስትከራዩ አያፍሩ፣ ትልቅ ቦርድ ስጡኝ በሉ። የቦርድ መጠን በሊትር ነው የሚለካው፣ ለጀማሪ ከኪሎው ላይ ቢያንስ 80 እና 100 ሊትር የሚበልጥ መሆን አለበት፣ ለምሳሌ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 160 ሊትርና ከዛ በላይ ይያዝ፣ ሰፊ ይሁን፣ መሃሉ ላይ ወደ ውሃ የሚወርድ ቢላ ያለው ቢሆን ይመረጣል ምክንያቱም ወደ ጎን አያንሸራትታችሁም። ሸራው ግን ትንሽ ነው የሚሆነው፣ ለሴት 3 ወይም 3.5 ካሬ ሜትር፣ ለወንድ 4 ወይም 4.5። ብዙ ጎረምሳ ትልቅ ሸራ ካልሰጣችሁኝ ይላል፣ ጥቅሙ ለነፋሱ ነው።

እግራችሁን ጠብቁ፣ ይሄን ሳልነግራችሁ ካለፍኩ ይቆጨኛል። በባዶ እግር አትግቡ፣ የውሃ ጫማ ግዙ ወይም ተከራዩ። ሪፍ ያለበት ቦታ ሁሉ የባሕር ጃርት አለ፣ እሾሁ ጥቁር ነው፣ ከገባ ይሰበራል እንጂ አይወጣም፣ እየቆፈራችሁ አታቁስሉት፣ ኮምጣጤ ላይ መዘፍዘፍ ያለሰልሰዋል። ድንጋይ መስሎ የሚተኛ መርዛማ ዓሣም አለ፣ እሱ ከወጋ ሕመሙ ከባድ ነው፣ እግርን በሚቻለው ልክ በሞቀ ግን በማያቃጥል ውሃ ውስጥ ከትቶ በፍጥነት ሕክምና መሄድ ነው። ብትወድቁ እግራችሁን ወደ ታች አትወርውሩ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ በጎን ወይም በጀርባ ዘርጋ ብላችሁ ውደቁ፣ ሸራው ከላይ ከመጣም ክንዳችሁ ጭንቅላታችሁን ይሸፍን።

ቢደክማችሁ ወይ ነፋሱ ቢጠፋ ወይ የሆነ ነገር ቢሰበር፣ ቦርዱን ትታችሁ እንዳትዋኙ፣ በምንም ምክንያት። ዳር ቅርብ ይመስላል ግን አይደለም፣ ቦርዱ አይሰምጥም፣ ከሩቅም ይታያል፣ የሰው ጭንቅላት ግን በማዕበል መሃል አይታይም። ቦርዱ ላይ ተቀመጡና ሁለት ክንዳችሁን በጎንና በጎን ዘርግታችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ወደ ታች አድርጉ፣ የእርዳታ ምልክቱ ይሄ ነው፣ በየትኛውም ባሕር ይታወቃል። ከሌላ ሸራ ጋር ፊት ለፊት ከመጣችሁ ደግሞ ቀኝ እጁ ወደ ማስቱ የቀረበው ሰው ቀዳሚ ነው፣ ግራ እጃችሁ ከሆነ ፊት ያለው እናንተ ቦታ ልቀቁ።

ለእህቶቼ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ላይክራ፣ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ የውሃ ልብስ፣ ልበሱ፣ ከፀሐይም ያድናል፣ የቤደዊን ሰፈርም ስለሆነ ሰው አክብሮ ነው የሚያያችሁ፣ ረጅም የዋና ሱሪ ከታች፣ ፀጉር ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር። ሹሩባ ተሰርታችሁ ብትሄዱ ደግሞ ግልግል ነው፣ ጨዋማ ውሃ የተፈታ ፀጉር እንዴት እንደሚያደርግ እኔ አውቃለሁ። የሰራተኛ ቪዛ ይዛችሁ እዛው አካባቢ ቤት ውስጥ የምትሰሩ ልጆችም በእረፍታችሁ ቀን መጥታችሁ መሞከር ትችላላችሁ፣ የሀብታም ነገር ነው ብላችሁ አትሽሹት፣ እኔም እንደናንተ ነበርኩ።

ከመሄዳችሁ በፊት እዚህ አገር ውስጥ ሁለት ነገር ጨርሱ። አንዱ ቪዛ ነው፣ አንዳንድ አገር ሰው ሲና ሲደርስ በነጻ የሚመታለት ማህተም አለ፣ ያ ለኛ ፓስፖርት አይሰራም፣ ጓደኛችሁ ፈረንጅ ስለገባ እናንተም የምትገቡ እንዳይመስላችሁ፣ አዲስ አበባ ካለው የግብፅ ኤምባሲ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ሁለተኛው ዋና ነው። ቦርድ መንዳት ዋና አይጠይቅም የሚል ሰው ካለ አትስሙት፣ ላይፍ ጃኬት ያንሳፍፋል እንጂ ድንጋጤን አያጠፋም፣ የሚያደክመው ደግሞ ድንጋጤው ነው። እኛ ደገኞች ወንዝ ዳር ብናድግም ዋና አንማርም፣ በረሳ ውሃው ሲሞላ እናት ልጇን ታርቃለች እንጂ አታስገባም። ስለዚህ ሶደሬ ገንዳ ሂዱ፣ ወይ አዲስ አበባ ገንዳ ያለው ቦታ ፈልጉ፣ ሐይቅ ከፈለጋችሁ ላንጋኖ ይሻላል፣ ቡናማ ሆኖ ቆሻሻ ቢመስልም ቀለሙ የደለል ነው፣ ከቢልሃርዚያ ነጻ ነው ተብሎ የሚዋኝበትም እሱ ነው። ዝዋይ ግን ቢልሃርዚያም ጉማሬም አለበት፣ አትግቡ።

ሃምሳ ሜትር ሳታርፉ መዋኘትና ጥልቅ ውሃ ላይ ለአምስት ደቂቃ በጀርባ ተኝቶ መንሳፈፍ ከቻላችሁ ለቤቢ ቤይ ይበቃችኋል። ከነዛ ውጪ ያለውን እዛው ያስተምሯችኋል፣ ትምህርቱን ግን በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ፣ ለሁለት ሰዓት በየቀኑ ለሶስት ወይ ለአራት ቀን ያዙት፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ቀን መዳፋችሁ ይላጣል፣ ሁለተኛ ቀን ጀርባችሁ ይታመማል፣ ከሶስተኛው ነው መስመር የሚይዘው። የሲና ተራራን መውጣት ካሰባችሁም ቦርዱን አስቀድሙና ተራራውን በመጨረሻ አድርጉት፣ ሌሊት ሙሉ ሄዶ ያልተኛ እግር ቦርድ ላይ አይቆምም። ስለ ዋጋና ስለ ማረፊያ የምትጠይቁኝ ካላችሁ ወሩን ጻፉልኝ፣ ዋጋው በየወሩ ስለሚለያይ እዛ ካሉት ልጆች ጠይቄ እነግራችኋለሁ።